የጋሼ አሥራት የጥፋት ደብተር

ጋሼ አሥራት ማረፋቸውን የነገረኝ ጀማል ነው። ጀማልና እኔ ጉለሌ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ነን። አሁን እሱ ሽሮ ሜዳ የአባቱን ሱቅ ወርሶ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል፤ በስልክ ሲያወራ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋል። "ዘነበች! ጋሼ ሞቱ! ነገ በስድስት ሰዓት ነው ቀብሩ፣ በቃ!" ብሎ ጮኸብኝ።  

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። አንባቢው ድምፀ መልካም ነበር፤ የሚነበብለት ሰው ማን እንደሆነ ለመለየት ግን ተቸገርኩ። "ታታሪ፣ ቅን፣ ሥራ አክባሪ፣ ከሁሉ ተግባቢ" ተባለ። እንዲህ ያልተባለለት ሟች እስካሁን አልገጠመኝም። መሐል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሹልክ ብላ አለፈች፦ "ለጥቂት ወራት በትምህርት ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ካገለገሉ በኋላ ወደ መምህርነት ሙያቸው ተመልሰዋል።" ጀማል በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከኛ በላይ የሚያውቃት የለም። ጋሼ አሥራትን ለኃላፊነት ያበቃናቸው እኔና እሱ ነን፤ ሳናስበው፣ በአሥራ አንድ ዓመታችን።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኛ አራተኛ ክፍል ነን። ትምህርት ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ነበር፣ ስሙ ይቅር። በአንድ ክፍል ከሰማንያ በላይ ልጆች እንማራለን፤ ጠዋት እኛ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌሎች ሰማንያ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ስለምንቀመጥ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ክርናቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። ግድግዳው ላይ የሦስት ጢማም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሏል። ጀማል እስከ ዓመቱ አጋማሽ ድረስ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ዲሬክተሮች ይመስሉት ነበር።

ጋሼ አሥራት ቀጭን፣ ረዥም፣ ባለ አንድ ኮት ሰው ነበሩ። ሲያስቡ ጠመኔ በያዙበት ጣት ቀኝ ጆሮአቸውን ያሻሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቀኝ ጆሮአቸው ነጭ ነው፤ ብዙ የሚያስቡ ሰው ስለነበሩ ኮታቸውም በዚያው በኩል ነጣ ብሏል።

ደግ ነበሩ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሮች ያሳለፍነው በኩርኩም ነው። ይጠይቃሉ፤ የመለሰ ይቀመጣል፤ ያልመለሰ ኩርኩሙን ተቀብሎ ይቀመጣል፤ ዞሮ ዞሮ ሁላችንም ስለምንቀመጥ ትምህርቱ ይቀጥላል። ጀማል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ስሙ ሲጠራ ገና ጎንበስ ብሎ ራሱን ለኩርኩሙ ያመቻቻል። "ጊዜ ለመቆጠብ ነው" ይለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ እንቅልፋም ነበርኩ። አባቴ ሸማኔ ነው፤ ንጋት ላይ ተነስቼ ማግ ሳጠነጥንለት ቆይቼ ነው ክፍል የምገባው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ድፍት እላለሁ። ጋሼ አሥራት ኮርኩመው ኮርኩመው ሲሰለቻቸው አንድ ቅዳሜ ለአባቴ ሊከሱኝ ቤታችን ድረስ መጡ።

አባቴ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ እየሠራ፣ እኔም አጠገቡ ማግ እያጠነጠንኩ ነበር። ክሱን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ "መምህር፣ እስቲ ይቀመጡ" ብሎ ተነሳና ቦታውን ለቀቀላቸው። ጋሼ አሥራት ለእንግዳ የሚገባው ክብር የተሰጣቸው መስሏቸው ተቀመጡ። አባቴ ማጉ የተጠነጠነበትን መወርወሪያ እጃቸው ላይ አስያዛቸው።

"እኔ እኮ ሽመና አላውቅም" አሉ።

"እሷም ሒሳብ አላውቅም ነው የምትለው። ይሞክሩት እስቲ።"

ሞከሩ። ክሩ ተበጠሰ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀጠለው። እንደገና ተበጠሰ፤ እንደገና ቀጠለው። አራተኛው ላይ ጋሼ አሥራት ላብ በላብ ሆነው አንገታቸውን ደፉ፤ ልክ ጀማል እንደሚያደርገው።

"አይቆጡም እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

"ማንን?"

"እኔን ነዋ!"

"እኔ ነኝ እንጂ ያላሳየሁዎት" አለ አባቴ። "እግርዎ ከእጅዎ ቀድሞ ይረግጣል። መጀመሪያ እሱን ልነግርዎት ይገባ ነበር።"

ሻይ ጠጥተው ሄዱ። የመጡበትን ክስም ያነሳው የለም።

ሰኞ ክፍል ገብተው ክፍልፋይ ጠየቁ፤ የጀማልን ስም ጠሩ፤ ጀማል እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ኩርኩሙ አልመጣም። "ቀና በል" አሉት። "አንተ አይደለህም ያጠፋኸው፤ እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳሁህ።" ጀማል ወጥመድ መስሎት ቀና አላለም። ቀና ያለው ከሳምንት በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስቦ ራሱን ይነቅፍ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ ይባላል። መምህሮቻችንም ሳይነኩ የሚወጡበትን ዘዴ ተክነውበት ነበር። አንዱ ተነስቶ "ጠመኔ አባክኛለሁ" ይላል። ሌላው "መዝሙሩን በሚገባው ስሜት አልዘመርኩም" ይላል። ሁሉም በጽሞና ያዳምጣል፤ ይመዘገባል፤ ይበተናል። ይህን የነገሩኝ አጠገባችን ባለው ክፍል ያስተምሩ የነበሩት እትዬ ሙሉ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ዓመቱን ሙሉ ያመኑት አንድ ጥፋት ብቻ ነበር፣ ማርፈድ። ያውም አርፍደው አያውቁም።

ጋሼ አሥራት ይህን ነገር የምሩን ይዘውት ወደ እኛ አመጡት። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ይቀመጡና "እሺ፣ በዚህ ሳምንት የት የት አጠፋሁ?" ይላሉ። መጀመሪያ ማንም አልተነፈሰም። በሦስተኛው ዓርብ አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ሲጽፉ ሰሌዳውን ይጋርዱብናል" አለች። ጆሮአቸውን አሹ። "እውነት ነው" አሉና ከሰኞ ጀምሮ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄዱ መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን! ሁሉን ማስታወስ ሲያቅት ደብተር ተከፈተ። ሽፋኑ ላይ "የጋሼ ጥፋት" ተብሎ ተጻፈበት፤ ያዡም በየሳምንቱ ይቀያየራል። "ማክሰኞ፦ ክፍልፋይ ሲያስረዱ ቸኮሉ። ከኋላ ያሉት ዴስኮች በሙሉ አልገባንም።" "ረቡዕ፦ ሳይሰሙ ተቆጡ። ያወራሁት እኔ አልነበርኩም።" "ሐሙስ፦ ተነጫነጩ። ቁርስ አልበሉም መሰለኝ።" የመጨረሻዋ የጀማል ናት። ጋሼ እያንዳንዱን አንብበው ወይ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ወይ እንደገና ያስተምራሉ፤ ያልተስማሙበትን "ይህ እንኳ ስም ማጥፋት ነው" ብለው በቀይ ያሰምሩበታል።

እኔን ማግ የማጠነጥን መሆኔን ስላዩ መስኮቱ ሥር አስቀመጡኝ። "ዘነበች ከሥራ ነው የመጣችው፤ አሥር ደቂቃ ትረፍ" ብለው ለሰማንያው ልጅ አስታወቁልኝ። ካንቀላፋሁ የሚቀሰቅሰኝም ተመድቦ ነበር። እፍረት ከእንቅልፍ ይበልጥ ያደክማል መሰለኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መተኛቱን ተውኩት። ጀማልማ አይወራ። ጋሼ ሒሳብ አስተምረው ሲጨርሱ "ማነው ዛሬ ያልገባው ደፋር?" ይላሉ፤ ጀማል የገባውንም አልገባኝም እያለ እጁን ያወጣ ጀመር። ክፍላችን ከመንጫጫቱ የተነሳ ዲሬክተሩ መምህር የሌለ እየመሰላቸው በር ከፍተው ያያሉ፤ ጋሼ አሥራት ከመሐል ሆነው እጃቸውን ያወዛውዙላቸዋል። በሕይወቴ ትምህርት ቤት ለመሄድ የቸኮልኩት ያን ዓመት ብቻ ነው።

አንድ ዓርብ በሩ ተከፍቶ ዲሬክተሩ ገቡ፤ ከኋላቸው ካኪ የለበሰ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ገባ። ከላይ የተላከ ኢንስፔክተር ነው ተባልን። ተነስተን በመፈክር ተቀበልነው። ሰውየው ክፍሉን አየ፤ ጢማሞቹን አየ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ "እህ፣ ልጆች፣ መምህራችሁ እንዴት ናቸው?" አለ።

በዚያ ሳምንት ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጋሼን ላኮራ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ከዴስኬ ወጥቼ አነበብኩት። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አንድም ሳልዘል። መጋረዱን፣ መቸኮሉን፣ መነጫነጩን። የዲሬክተሩ ፊት አመድ መሰለ፤ እኔ ግን ድምፄ የማረካቸው መስሎኝ ጨመርኩበት። ስጨርስ ጀማል እጁን አወጣ።

"ጓድ፣ አንድ ቀርቷታል! ትናንት ስለ መደብ ትግል ሲያስተምሩን 'ይኼን እኔም በደንብ አልገባኝም፤ አንብቤ እመጣለሁ' ብለዋል። እሱ አልተጻፈም።"

ሰውየው ብዕሩን አወጣና እሱን ራሱ ጻፈው። "መምህር፣ ደብተሩን ይዘው ይከተሉኝ" አለ።

ጋሼ አሥራት ደብተሩን ከእጄ ተቀበሉ። "ጎበዝ፣ ጥርት አድርገሽ ነው ያነበብሽው" አሉኝ። ወጡ። ወዲያው እትዬ ሙሉ ከጎረቤት ክፍል ሮጠው መጡና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው "ምን አደረጋችሁ? ምን አደረጋችሁ እናንተ ልጆች?" አሉን። ገና ያኔ ገባን። በዚያ ዘመን "ይከተሉኝ" የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅም ታውቃለች።

ሰኞ አልመጡም። ማክሰኞም አልመጡም።  የምወደውን ሰው በገዛ ምላሴ፣ ያውም በጥሩ ንባብ፣ አሳልፌ ሰጠሁ እያልኩ አለቀስኩ። አባቴ ጉዳዩን ስነግረው አልተቆጣኝም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ግን መወርወሪያውን ሳያነሳ ዋለ።

ረቡዕ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዲሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ወጡ። "ጓድ አሥራት" አሉ፣ "ሂስና ግለ ሂስን ከታች ከሕፃናቱ ጀምሮ በተግባር በማዋል ባሳዩት አርአያነት ከዛሬ ጀምሮ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ተዛውረዋል! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!"

አጨበጨብን። ጀማል እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ስለዚህ አይመለሱም ማለት ነው?" አለኝ። የመደብ ትግል አልገባኝም ማለታቸውም አልጎዳቸውም፤ እንደ ትልቅ የግለ ሂስ ምሳሌ ተቆጥሮላቸው እንዲገባቸው ለሦስት ሳምንት ሴሚናር ተላኩ። ደብተራችንን ዲሬክተሩ ቢሮአቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሰነድ ነው ተባለ።

ከሁለት ወር በኋላ ከጋሼ ጽሕፈት ቤት መመሪያ ወጣ። መግቢያው ላይ ይህ አሠራር የመነጨው ከሳይንሳዊው ርዕዮተ ዓለም መሆኑ ተብራርቷል። የመነጨው ከአባቴ ጉድጓድ መሆኑን የምናውቅ እኔ፣ አባቴና ጋሼ ብቻ ነን፤ ማንም አልጠየቀንም። መመሪያው ቅጽ ነበረው። እያንዳንዱ መምህር በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት ጥፋት በተማሪዎቹ ፊት ፈጽሞ፣ በተማሪዎቹ ታርሞ፣ ቅጹ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይላካል።

የኛን ክፍል የተረከቡት እትዬ ሙሉ ነበሩ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ሦስት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ሥራቸውን እንዳያጡ የሚፈሩ ሴት ነበሩ። እውነተኛ ጥፋታቸውን ጽፎ ለበላይ አካል መላክ እብደት ሆኖ ታያቸው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የተዘጋጀ ጥፋት ይዘው ይመጣሉ። ሰሌዳው ላይ ሆን ብለው አንድ ስህተት ይጽፉና ወደ እኛ ዞረው "እህ? የሚያርመኝ የለም?" ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ይቁለጨለጫል።

የለም። የጋሼን ጥፋት አንብበን ጋሼን አጥተናል። እትዬ ሙሉን ደግሞ ለማን እንስጥ? ሰማንያው ልጅ ተነጋግሮ አያውቅም፤ ግን ሰማንያውም ዝም አለ። ጀማልም ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ስሙ ሲጠራ የሚኮረኩመው ሳይኖር ጎንበስ ይላል።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ አሥራት ለቁጥጥር የመጡት። አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ ቦርሳ ይዘዋል፤ ጆሮአቸው ንጹሕ ነው። ከኋላ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። እትዬ ሙሉ ላብ እያጠመቃቸው ሰሌዳው ላይ "7 × 8 = 54" ብለው ጻፉ። "የሚያርመኝ አለ?"

ማንም እጁን አላወጣም። ከዚያ ሁላችንም ደብተራችን ላይ መገልበጥ ጀመርን።

"ዘነበች" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?"

"ሃምሳ ስድስት።"

"ታዲያ ለምን ሃምሳ አራት ትጽፊያለሽ?"

"ካረምናቸው ይጻፍባቸዋል" አልኳቸው። "እንደ እርስዎ ይወስዱብናል።"

 የጀማልን ያቀረቀረ ጭንቅላት ለረዥም ጊዜ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፣ አጠገባቸው ስለነበርኩ ነው። ከዚያ ቅጹን ገለበጡና ጀርባው ላይ ይጽፉ ጀመር።

የጻፉትን ዓመታት ቆይቶ የነገሩኝ እትዬ ሙሉ ናቸው። "መመሪያው ልጆች እያወቁ እንዲሳሳቱ አስተምሯል። መምህርቷ ጥፋት የለባቸውም። መመሪያውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ይሻር።" ከዚያ በፊት ወደ ክፍል ልመለስ ብለው ሦስት ጊዜ አመልክተው ነበር አሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ታች ልውረድ የሚል ማመልከቻ የሚያስተናግድበት ሥርዓት አልነበረውም። አሁን ግን ራሳቸውን ከልባቸው ነቀፉ፤ ይህ ደግሞ በዚያ ሁሉ የግለ ሂስ ዘመን ማንም ያላደረገው ስለነበር ከባድ ጥፋት ሆኖ ተገኘ። መመሪያው አልተሻረም። እሳቸው ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገው ከእንጦጦ ማዶ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተወረወሩ።

እኔና ጀማል ያገኘናቸው የሄዱ ቀን ጠዋት ነው፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ። ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች እያሳለፉ ይወጣሉ። ሮጬ ደረስኩባቸውና ለወራት ያፈንኩትን አወጣሁት።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብተሩን ያነበብኩት እኔ ነኝ።"

"እኔም ያልተጻፈውን ነው የተናገርኩት" አለ ጀማል፣ ጎንበስ ብሎ።

ቦርሳቸውን አወረዱ። "እናንተ ያደረጋችሁት ያስተማርኳችሁን ነው" አሉን። "ያስቀየምኳችሁ እኔ ነኝ። ጥሩ ነገር ነው ብዬ ቅጽ አደረግሁት።"

"አሁን ደግሞ ቀጡዎት" አልኩ እያለቀስኩ።

ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ነበር። "ከክፍል በታች ቦታ የላቸውም እኮ፣ ዘነበች" አሉ። "ከእንግዲህ ወዴት ያወርዱኛል?" ሰዓታቸውን አዩ። እንደ ተቀጣ ሰው ሳይሆን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንደሚያመልጠው ሰው ዳገቱን በፈጣን እርምጃ ወጡት። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። እሳቸው ክፍል አገኙ፣ እኛ ግን እሳቸውን አላገኘንም።

አርፍደን ክፍል ገባን። እትዬ ሙሉ ክፍልፋይ እያስተማሩ ነበር። ጀማል ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ትንሽ ቆየና ማንም ስሙን ሳይጠራው እጁን አወጣ።

"እትዬ፣ አልገባኝም።"

እትዬ ሙሉ ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። በሩን አዩ። ቀስ ብለው ሄደው ገርበብ ያለውን በር ዘጉት፤ መቀርቀሪያውንም ገፉት። ከዚያ ጀማል ዴስክ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

"የቱ ጋ ነው ያልገባህ?"

"ከመጀመሪያው" አለ ጀማል።